የአናናስ ኬክ በንጥር ቅቤ

እናንተስ ደርሶባችሁ ያውቃል? አጠገባችሁ ያለ ሰው ጭንቅ ላይ ወድቆ፣ እጃችሁን የምታሳርፉበት ጠፍቷችሁ፣ "እባክዎ የምሠራው ነገር ይስጡኝ፤ ምንም ይሁን ብቻ ይስጡኝ" ብላችሁ የለመናችሁበት ቀን አለ? እኔ ለምኛለሁ። የተሰጠኝም ሥራ ኬክ መጋገር ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። አስተማሪ ነኝ፤ በቅደም ተከተል ካልሄድኩ አይሆንልኝም።

ወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመቱን ሊይዝ ተቃርቦ ነበር። የምኖረው በጆሃንስበርግ ምሥራቅ፣ የቻይኖቹ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት መንገድ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ከዚያ በፊት ቤሪያ በሚባል ሰፈር ከታላቅ ወንድሜ ጋር እኖር ነበር። ማስተማር ስጀምር ለትምህርት ቤቱ የሚቀርብ ቤት ፈለግሁና በብርዱ ወራት እነዚህ አረጋውያን ባልና ሚስት አከራዩኝ። ሁለቱም በወጣትነታቸው ከታይዋን የመጡ ናቸው፤ ልጅ የላቸውም። ሰፈሩ ሁሉ ሚስትየዋን አንቲ፣ ባልየውን አንክል ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። የአንቲ እንግሊዝኛ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ የእኔ ማብራሪያ ይበዛበታል።

በጥር ወር አንክልን አምቡላንስ ወሰዳቸው። ሁለተኛው የኮቪድ ማዕበል ከተማውን ያጥለቀለቀበት ሰሞን ነበር። በጥድፊያው ስልካቸው እንኳ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ቀረ። አንቲም ተመረመሩና ተገኘባቸው። ሕመሙ ሳልና ድካም ብቻ ቢሆንም ከቤት እንዳይወጡ፣ ሰውም እንዳይገባባቸው ተነገራቸው። እኔ ነጻ ነኝ ተባልኩ። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ቀን ስለተራዘመ ሥራ አልነበረኝም። የሦስተኛ ክፍል የትምህርት ዕቅዴን በአራት ቀለም አስምሬ ጨርሼ፣ የማደርገው ጠፍቶኝ እንደገና በንጹሕ ወረቀት ገልብጬዋለሁ።

እኛ አገር፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ሰው ሲታመም እንሄዳለን። የምንናገረው ባይኖረንም ሄደን እንቀመጣለን። ሻይ ቢመጣ እንጠጣለን፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ዝም እንላለን፣ መሽቶ እንነሣለን። ያደግሁት በዚህ ነው። አሁን ግን በሽተኛዋ ከእኔ ክፍል አሥር እርምጃ ርቀው፣ የወጥ ቤታቸውን መስኮት ከፍተው፣ ከብረቱ ፍርግርግ ኋላ ቆመው ያዩኛል፤ እኔ ግቢው መሀል ማስኬን አድርጌ አያቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን በስልክ ይጸልይላቸዋል። እኔ ግን እጄን የማደርግበት አጣሁ። ከሆስፒታሉ የሚመጣውን ወሬ የምቀበለው እኔ ነበርኩ፤ አንቲ በስልክ የሚነገር እንግሊዝኛ ስለሚያስቸግራቸው ያስመዘገቡት የእኔን ቁጥር ነው። በስድስተኛው ቀን ነርሷ ደወለችና ኦክስጅኑ እንዳለ መሆኑን፣ አንክል ግን ምግብ እንቢ ማለታቸውን ነገረችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሾርባ እንኳ አልቀመሱም።

ይህንን ለአንቲ ስነግራቸው መስኮቱን ዘጉት። ትንሽ ቆይተው መልሰው ከፈቱት።

"እባክዎ የምሠራው ነገር ይስጡኝ" አልኳቸው።

"አናናስ ግዢ" አሉኝ።

የቻይኖች አዲስ ዓመት ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። አንቲ በየዓመቱ ለዚያ በዓል ትንንሽ የአናናስ ኬክ ይጋግራሉ። ኬክ ስላችሁ ክሬም የተቀባ እንዳይመስላችሁ፤ ከላይ አፍ ውስጥ የሚፈርስ የቅቤ ብስኩት ነው፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ወፍራም የአናናስ ማርማላታ አለ። ከምድጃ የወጣውን የመጀመሪያውን የሚያነሡት ሁልጊዜ አንክል ናቸው። በየዓመቱ ምላሳቸው ይቃጠላል፤ በየዓመቱ አንቲ ይቆጧቸዋል። ያን ኬክ ካዩ ይበላሉ ብለው ነው። አንቲ ራሳቸው ግን እንኳን ሊጥ ሊያሹ፣ መስኮቱ ላይ ብዙ መቆም አይችሉም። በዚያ ላይ እሳቸው የነኩትን ማን ይቀበላል? ስለዚህ እሳቸው ከመስኮቱ እየነገሩኝ እኔ በክፍሌ ባለችው ትንሽ የጠረጴዛ ምድጃ ልሠራው ተስማማን።

ደብተሬን አወጣሁ። አርእስት ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩ።

"ዱቄት ስንት ግራም?"

"ሊጡ ጆሮ እስኪሆን።"

"ምን እስኪሆን?"

አንቲ የጆሯቸውን ጫፍ፣ ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን፣ በሁለት ጣት ይዘው አሹት። "እንደዚህ። ጉንጭ አይደለም፤ ጉንጭ በጣም ለስላሳ ነው። አፍንጫም አይደለም። ጆሮ።"

"እሺ፣ ግን በግምት ስንት ግራም?"

"አንቺ ጆሮ የለሽም?"

ደብተሬ ላይ "ጆሮ" ብዬ ጻፍኩና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

እሑድ ወንድሜ መጣ። ከከተማው ዳር፣ ታውንሺፕ በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለው፤ ዕቃ ሊያነሣ ወደ ከተማ ሲመጣ ብቅ ይላል። አሥራ ሁለት አናናስ፣ የዱቄት ወተት፣ ፉርኖ ዱቄትና ሌላም እንዲያመጣ ዝርዝር ልኬለት ነበር። የአናናሱን ከረጢት በሁለት እጁ ታቅፎ ገባ። በሌላ ከረጢት ደግሞ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ማሰሮ ነበር።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቅቤ ነዋ! ቅቤ ብለሽ አልጻፍሽም?"

"ከሱፐርማርኬት የሚሸጠውን ነበር ያሰብኩት።"

"ለታመመ ሰው? ቲቸር፣ አንቺ ደግሞ! የሱፐርማርኬት ቅቤ ምን ጉልበት ይሰጣል? ይሄ ሰሞኑን ከሆሳዕና የገባ ነው። ጀፕስታውን ካለው የአበሻ ሱቅ ለምኜ ነው ያስነሣሁት፣ ለሠርግ ተይዞ ነበር።"

ክዳኑን ከፈትኩት። ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው ቤቱን ሞላው፤ እርዱ ወርቅ አስመስሎታል። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ አመንትቼ ነበር። የተነጠረ ቅቤ ከነቅመሙ ለኬክ ይሆናል? ግን ያ ሽታ ለእኔ የደህና ነገር ሽታ ነው። ወላድ የምትበላው፣ ስብራት የሚታሽበት፣ በሽተኛ የሚያጠጡት እሱ ነው። ደግሞ ባለሙያዋ እዚያው መስኮት ላይ ናቸው። ማሰሮውን ይዤ ሄድኩና በዱላ ገፍቼ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። አንቲ ጎንበስ ብለው አዩት፣ አፍንጫቸውን አስጠጉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጥሩ ቅቤ" አሉ። "ጥሩ ቀለም።"

አለቀ ነገሩ። ባለሙያዋ ካጸደቁት ምን ቀረኝ?

አናናሱን ልጬ በመፈቅፈቂያ ፈቀፈቅሁት፤ በስስ ጨርቅ ጨምቄ ከስኳርና ከብቅል ከሚሠራ ወፍራም ሽሮፕ ጋር ጣድኩት። እሳቱ ትንሽ መሆን አለበት፤ አለዚያ ከሥር ይይዛል። ማማሰያው ላይ ተጣብቆ ወደ ታች መንጠባጠብ ሲተው ደርሷል ማለት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ አማሰልኩ። ከዚያ ወደ ሊጡ ዞርኩ። በአንድ እጄ ሊጡን፣ በሌላው ጆሮዬን እየያዝኩ ሳመዛዝን ወንድሜ አየኝ።

"ጆሮሽ ሊጥ ሆኗል!"

"ሂድ ወደዚያ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"የት አገር ነው ሊጥ በጆሮ የሚለካው?"

"ታይዋን።"

"በይ እኔም ከነገ ጀምሮ ስኳሩን በአፍንጫ ልመዝን። ደንበኞቼ ምን እንደሚሉኝ እነግርሻለሁ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሽማግሌው ግን ይተርፋሉ?" አለኝ።

"እንዲበሉ ነው የምሠራው።"

"እሱን አልጠየቅሁሽም" አለ።

የመጀመሪያው ዙር ምድጃ ውስጥ እንዳለ መብራት ጠፋ። መብራት የሚጠፋው በፈረቃ ነው፤ ስልኬ ላይ አስታዋሽ አድርጌ ነበር፣ ግን በሌላ ሰፈር ፈረቃ ሞልቼዋለሁ። ኬኮቹ እንዳልበሰሉ ቀዘቀዙ፤ ሁሉም ወደ ጎን ተኛ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሜ የምድጃውን መስታወት ሳይ ቆየሁ። የሁለተኛው ዙር ግን እንደ ሥዕል ሆኖ ወጣ። አንዱን ሰብሬ ፍርፋሪውን ለአንቲ ከሩቅ አሳየሁ። እንዴት እንደሚፈርስ አዩ፤ አጨበጨቡ። እኔም ቀመስኩት። በጣም ጣፈጠኝ። የአንቲን ኬክ ቀምሼ አላውቅም ነበር፤ ወደ ግቢው የገባሁት ካለፈው በዓል በኋላ ነውና። እንዲህ ያለ ነገር ነው እንግዴህ ብዬ አሰብኩ።

ስምንቱን በቀይ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ካርቶን ውስጥ ደርድሬ፣ የአንክልን ሙሉ ስምና የክፍሉን ቁጥር በትልልቅ ፊደል ጽፌ ሆስፒታል ሄድኩ። በሩ ላይ ለበሽተኞች ዕቃ መቀበያ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው፣ ጥበቃ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል።

"ሳዉቦና፣ ባባ" ብዬ በዙሉኛ ሰላም አልኳቸው።

"ዬቦ፣ ሲሲ። ምንድነው?"

"ኬክ ነው።"

"የቤት ምግብ አይገባም። ልብስ ይገባል፣ ሳሙና ይገባል።"

"ባባ፣ እኝህ ሰው እህል ከቀመሱ ቀናት ሆኗቸዋል።"

"ውስጥ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው፣ ሲሲ።"

ስለ ኬኩ ላስረዳቸው ጀመርኩ፤ ስለ በዓሉ፣ ስለ መጀመሪያዋ ኬክ፣ ስለ ምላሱ መቃጠል። ከኋላዬ ፒጃማና ፎጣ የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። ማስረዳቴ የሚፈይደው እንደሌለ እያወቅሁ ማቆም አቃተኝ። ሰውየው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ፤ ስልኩን አንሥተው በዙሉኛ ተነጋገሩ። ዘጉትና ካርቶኑን በሳኒታይዘር ረጩት።

"ነርሷ አምጡት ብላለች። ሂጂ አሁን፤ ሰው አለ ከኋላሽ።"

እየሮጥኩ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። ለአንቲ "ገባ!" ብዬ ጮኽኩላቸው። ያን ዕለት ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ደወለች። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር።

"አንድ ጊዜ ገመጡ" አለችኝ። "ከዚያ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ውኃም እንቢ ብለዋል። አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ምን ልመልስላቸው?"

"ምን ብለው?"

"ባለቤቴ የሞተችው መቼ ነው እያሉ።"

ስልኩን ይዤ ግቢው መሀል ቆምኩ። ወዲያው ነው የገባኝ። ስልክ የላቸውም፤ የሚስታቸውን ድምፅ ከሰሙ ከሳምንት በላይ ሆኗል። በዕድሜያቸው ሙሉ የለመዱት ኬክ መጣላቸው፤ ሲገምጡት የእሷ እጅ አይደለም። ታዲያ ምን ያስቡ? በሽተኛ እንዳይደነግጥ መርዶ እንደሚደበቅ እኔም አውቃለሁ፤ በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። እሷ ሞታለች፣ እኔ እንዳላውቅ ሌላ ሰው አስጋግረው ላኩልኝ አሉ። እንዲበሉ ብዬ የላክሁት ነገር የሚስታቸውን መርዶ አረዳቸው።

አንቲ ከመስኮቱ ፊቴን አይተው "ምን አለ?" አሉኝ።

ለልጆች አንድን ነገር በሦስት መንገድ ማስረዳት እችላለሁ። ያን ጠዋት አንድም መንገድ አልመጣልኝም። "እርስዎ የሞቱ መስሏቸዋል" አልኩ።

አንቲ አላለቀሱም። "ምን አደረግሽበት?" ብለው ጠየቁኝ። ያደረግሁትን ሁሉ ከደብተሬ አነበብኩላቸው። ቅቤ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

"ማሰሮውን አምጪ።"

አመጣሁ። ከደፉ ላይ አንሥተው ከአፍንጫቸው ጋር አጣበቁት። በረጅሙ ሳቡ። እንደገና ሳቡ።

"ምን ይሸታል?" አሉኝ።

"አይሸትዎትም?"

"አንክል ከሄደ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ቡናም፣ ሳሙናም። ትንሽ ነገር ነው ብዬ አልነገርኩሽም።"

ቅመሞቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው። የሚያውቁት ኮረሪማውን የሚመስለውን ብቻ ነበር፤ "እሱ ሾርባ ውስጥ ነው የሚገባው" አሉ። ከዚያ ማሰሮውን መልሰው አስቀመጡት፤ ደፉ ላይ ልክ ቀድሞ በነበረበት ቦታ። እኔ ይቅርታ ማለት ጀመርኩ። ረጅም ይቅርታ ነበር፤ መግቢያና ማብራሪያ ያለው። አንቲ እስከ መጨረሻው አልሰሙኝም፤ ሄደው ተቀመጡ። የወንበራቸውን ጀርባ ብቻ አያለሁ፤ ገብቼ አጠገባቸው መቀመጥ አልችልም።

ነርሷ በሕይወት እንዳሉ ብትነግራቸውም አንክል አላመኗትም። ለምኛት፣ በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በራሷ ስልክ በቪዲዮ ልታገናኛቸው ቃል ገባችልኝ። ስልኬን በላስቲክ ጠቅልዬ በፍርግርጉ አቀበልኳቸው። አንቲ ፀጉራቸውን አበጥረው ቀይ ሹራብ ለብሰው ነበር። ጀርባዬን መስጠት ነበረብኝ፤ አልሰጠሁም። የሚነጋገሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ከስልኩ የሚሰማው የኦክስጅኑ ጩኸት ብቻ ነበር። አንቲ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ፣ በደንብ እንዲያዩአቸው ይመስለኛል። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ እየቆዩ ቁጣ ሆነ። በስልኩ እየጠቆሙ ወደ እኔ ዞሩ፣ ወደ ቅቤው ማሰሮ ዞሩ፣ እንደገና ወደ ስልኩ። ቁጣቸው ሲበርድ ሲያዩ ብቻ ቆዩ።

ስልኩን ሲመልሱልኝ "ምን አሉ?" አልኳቸው።

"የመድኃኒት መሸጫ ሱቅ ይሸታል አለ።"

"በሉ?"

"ግማሽ። እያየሁት ነው ያስበላሁት።" ከዚያ ማስካቸውን አስተካክለው፣ "የሚመጣው ዓመት ልጅቷን ቅቤ አታስነኪያት አለ" አሉኝ።

አንክል የሚመጣውን ዓመት አላዩም። በዓሉ አሥራ አምስት ቀን ነው የሚቆየው፤ በአምስተኛው ቀን ሞቱ። ነርሷ ደውላ የነገረችኝ እኔን ነው፤ መርዶ ነጋሪውም እኔው ሆንኩ። ቀይ የደስታ ቀለም ነውና፣ በበሩ ላይ የተለጠፈውን ቀይ የበዓል ወረቀት እንዳነሣ አንቲ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ አነሣሁት። ቀብሩ ላይ የተፈቀደው ጥቂት ሰው ነበር። ወንድሜ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ያ ግማሽ ኬክ ምን እንደጠቀማቸው አላውቅም። እስከ በዓሉ ዋዜማ ሚስቴ ሞታለች ብለው የተኙት ግን በእኔ ኬክ ነው፤ እሱን አውቃለሁ።

ሚያዝያ ላይ አንቲ ወጥ ቤታቸው አስገቡኝ። ከሱፐርማርኬት የተገዛ፣ ምንም ያልገባበት ቅቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አብረን ሠራነው። እሳቸው ሊጡን ነካ እያደረጉ በጣታቸው ያውቁታል፤ ማርማላታውን በዓይናቸው ያውቁታል። ከምድጃው ሲወጣ አንዱን አንሥተው በሉ፣ ቀስ ብለው፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ተመለከቱኝ።

"ያው ነው?" አሉኝ።

ሽታቸው አልተመለሰም ነበር። እስከ ዛሬም በወጉ አልተመለሰም። እኔ ደግሞ ድሮ የሚሠሩትን ቀምሼ አላውቅም። ያውቅ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

"አላውቅም፣ አንቲ" አልኩ። ማብራሪያ አልጨመርኩም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ይህን ኬክ ሞክሩት። ለሁለት መቶ ግራም ቅቤ ሦስት መቶ ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ ሃምሳ ግራም የዱቄት ወተት፣ ሁለት የእንቁላል አስኳልና እንደ አፋችሁ ስኳር ይበቃል፤ ልኩን ኋላ እኔ ነኝ መዝኜ ያወጣሁት። ቅቤው ያልተነጠረ ይሁን። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሌላ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ በእጇ የምትታወቅ አንዲት ሴት ካለች፣ ዛሬ ሂዱና የሠራችውን ቅመሱ። ከዚያ እናንተ ሠርታችሁ እሷን አስቀምሷት፤ "ያው ነው?" ብላችሁም ጠይቋት።